«100» ብሎ የሚጽፍ ሰው ያጣው ኮተን

ጆርዳን ወይስ ሌብሮን?

ይህን ጥያቄ አይሻ ላይ ካለ አንድ ሻይ ቤት ወርውሩት፤ ሻያችሁ ሳይቀዘቅዝ አራት ተከራካሪ ታገኛላችሁ። ልጆቹ ቁጥሩን በቃላቸው ይዘውታል። ጆርዳን ስድስት ዋንጫ፣ ሌብሮን አራት። ማን በስንት ዓመቱ ስንት ነጥብ አስቆጠረ፣ ማን በየትኛው ፍጻሜ ተሸነፈ፣ ሁሉም አፋቸው ላይ ነው። ጆርዳን የመጨረሻ ዋንጫውን ሲወስድ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ አብዛኞቹ አልተወለዱም። ግድ የለም፤ ጨዋታው ስልካቸው ላይ አለ። ጅግጅጋም ሽኒሌም ብትሄዱ ያው ነው። እኔም ክርክሩን ስለምወደው እገባበታለሁ። የምከራከረው ለዊልት ቻምበርሌን ስለሆነ ግን ሁሌም እሸነፋለሁ።

ጉዱ ያለው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ከመጨረሻዎቹ አራት ክለቦች አንዱ የኢትዮጵያ ነበር። የትኛው?

ዝም።

ጊዮርጊስ የሚል ይኖራል። መቻል የሚልም አይጠፋም። መልሱ ኮተን ነው፤ የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን። ከአይሻ ተነስታችሁ አሮጌውን ሀዲድ ይዛችሁ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ብትጓዙ መጀመሪያ የምታገኙት ትልቅ ከተማ ቡድን ማለት ነው። የጎረቤት ቡድን።

ልጆቹን አልወቅስም። የቺካጎን ታሪክ የሰጣቸው ሰው አለ፤ የድሬዳዋን የሰጣቸው የለም። ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣ ለማየት አንድ ዓመት መርጬ ልነሳ። ዓመቱ 1954 ዓ.ም. ነው።

ጥር 13 ቀን 1954፣ እሑድ፣ አዲስ አበባ። የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነው። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ መጥታለች። ተጋጣሚዋ ግብፅ ናት፤ ያኔ ስሟ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ይባል ነበር። ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው እሷው ናት። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ ለግብፅ አገባ። እስከ 74ኛው ደቂቃ ድረስ አገሩ ሁሉ ጨንቆታል። ተክሌ ኪዳኔ አቻ አደረገ። ደስታው አንድ ደቂቃ እንኳ በቅጡ አልቆየም፤ ያው ባዳዊ በ75ኛው ደገመ። ስድስት ደቂቃ ሲቀር አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 አደረገው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አራተኛውን አስቆጠሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫውን ለሉቺያኖ ሲሰጡ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ አብዛኞቻችሁ አይታችሁታል። ከዚያ ወዲህ ያንን ዋንጫ ዳግመኛ አንስተን አናውቅም።

ከዚያ ቀን በኋላ ልክ በአርባኛው ቀን፣ የካቲት 23 ቀን 1954፣ ሄርሺ በምትባል የአሜሪካ ትንሽ ከተማ ሌላ ጨዋታ ነበር። ሄርሺ የቸኮሌት ፋብሪካ ከተማ ናት። የፊላደልፊያ ዋሪየርስ አንዳንድ የሜዳውን ጨዋታዎች እዚያ ያደርግ ነበር። የተቀመጠው ተመልካች 4,124 ሰው ብቻ ነው። ቴሌቪዥን አልነበረም፤ ፊልም የቀረጸም የለም። በዚያ ምሽት ዊልት ቻምበርሌን ኒውዮርክ ላይ 100 ነጥብ አስቆጠረ። ቡድኑ 169 ለ 147 አሸነፈ።

አሁን ልብ በሉ። ያንን ጨዋታ በፊልም ያየ አንድም ሰው የለም። ዛሬ ያለው የአራተኛው ክፍለ ጊዜ የሬዲዮ ድምፅ ነው፤ እሱም ድጋሚ ሲተላለፍ አንድ ተማሪ በቴፕ ስለቀዳው የተረፈ ነው። ያም ሆኖ ከሜዳ ክልል ከሞከራቸው 63 ኳሶች 36ቱን፣ ከ32 የቅጣት ኳሶች ደግሞ 28ቱን እንዳስገባ እናውቃለን። ደምሩት፤ ልክ መቶ ይመጣል። እንዴት አወቅን? ሃርቪ ፖላክ የሚባል ሰው ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ይጽፍ ስለነበር ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ቁራጭ ወረቀት አንስቶ «100» ብሎ ጻፈና ለቻምበርሌን አስያዘው። ልጁን ይዞ ጨዋታ ሊያይ የመጣ ፖል ቫቲስ የሚባል የአሶሺየትድ ፕሬስ ፎቶ አንሺ ካሜራውን ከመኪናው አምጥቶ አነሳው። ዓለም የሚያውቀው ምስል ያ ነው፤ አንድ ረጅም ሰው፣ አንድ ቁራጭ ወረቀት። ሌላ ማስረጃ አልፈለግንም።

የዚያ ዓመት የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ነገር ለብቻው ይገርማል፣ ትንሽ ልቆይበት። ቻምበርሌን ዓመቱን ሙሉ በአማካይ 50.4 ነጥብ አስቆጠረ። በአማካይ የተጫወተው ደግሞ 48.5 ደቂቃ ነው። ጨዋታው ራሱ 48 ደቂቃ መሆኑን አትርሱ፤ ሰውየው ጭማሪ ሰዓትም ሲኖር አይወጣም ነበር ማለት ነው። ኦስካር ሮበርትሰን በዚያው ዓመት በአማካይ 30.8 ነጥብ፣ 12.5 ሪባውንድና 11.4 አሲስት ያዘ። ዛሬ «ትሪፕል ደብል» የምንለው ይህ ነው። ያኔ ግን ቃሉ ራሱ ስላልነበረ ኦስካር ምን እንደሠራ ያወቀም ያጨበጨበም አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ሰዎች ወደ መዝገቡ ተመልሰው ሲያዩ ነው የተገረሙት። ኤልጂን ቤይለር ደግሞ በተጠባባቂ ጦር ተጠርቶ ወታደር ነበር። ፈቃድ ሲያገኝ እየበረረ መጥቶ 48 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ፤ አማካዩ 38.3። በፍጻሜው አምስተኛ ጨዋታ ቦስተን ላይ 61 ነጥብ ከመረበት። የዓመቱ ኮከብ የተባለው ታዲያ ከሦስቱ አንዳቸውም አይደሉም። ያኔ ኮከቡን የሚመርጡት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ነበሩ፤ የመረጡትም ቢል ራስልን ነው።

ራስል ላይ ነው መዝገብ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባችሁ። ሰውየው ከቦስተን ጋር በ13 ዓመት 11 ዋንጫ ወሰደ። የጨዋታውን መልክ የለወጠው በመከላከል ነው፤ ወደ ቅርጫቱ የሚወረወር ኳስ በአየር ላይ ያግድ ነበር። ኤንቢኤ የታገደ ኳስ መቁጠር የጀመረው ግን እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 74 ባለው የውድድር ዓመት ነው። ራስል በ1969 ጫማውን ሰቅሏል። ስለዚህ በይፋዊው መዝገብ መሠረት ቢል ራስል በሕይወቱ አንድም ኳስ አላገደም። ቻምበርሌንም እንደዚሁ። ያልተቆጠረ ነገር፣ ያየው ሰው ሲሞት አብሮ ይሞታል። አሜሪካኖቹ እንኳ ከዚህ አላመለጡም።

ወደ ሰፈራችን ልመለስ።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ በአይሻ ሜዳ አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ዛሬ ከተማዋ ያለችበት ደረሰ። አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1917 ወሰደበት። በእነዚያ 15 ዓመታት ውስጥ ሀዲዱ የቆመበት ቦታ ከተማ ሆነ። ከዚያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መጣ፣ ሲሚንቶው መጣ። ፋብሪካ ባለበት ደሞዝ አለ፤ ደሞዝ ባለበት ቡድን አለ። የጥጥ ፋብሪካው ኮተንን፣ ሲሚንቶ ፋብሪካው ኢትዮ ሲሚንቶን፣ የባቡር ኩባንያው ምድር ባቡርን አቆሙ። «ፕሮፌሽናል» የሚለውን ቃል ዛሬ በምንረዳው መንገድ ውል የፈረመ ላይኖር ይችላል፤ ኳስ የሚችል ልጅ ግን ሥራ የሚያገኝበት፣ ከሌላ ከተማም የሚመጣበት ዓለም ነበር። የኤንቢኤ ተጫዋቾችም በዚያ ዘመን በክረምት ሌላ ሥራ ይፈልጉ እንደነበር ስታስቡ ልዩነቱ የምትገምቱትን ያህል አይደለም።

ኮተን የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ከሆነባቸው ዓመታት መካከል እ.ኤ.አ. 1960፣ 1962፣ 1963 እና 1965 ይገኙባቸዋል። መሀል ላይ በ1964 ዋንጫው ከኮተን እጅ ወጣ፤ የወሰደው ግን የዚያችው ከተማ ኢትዮ ሲሚንቶ ነው። አራት ዓመት በተከታታይ ዋንጫው ከድሬዳዋ አልወጣም። አዲስ አበባ አለች፣ አሥመራ አለች፣ ሁለቱም ታላላቅ ክለቦች አሏቸው፤ ዋንጫው ግን ሀዲዱ ዳር ነው። ዛሬ አንድ የክልል ከተማ ይህን ቢያደርግ ስንት ፖድካስት ይሠራበት ነበር?

ከዚያ አክራ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ የመጨረሻ አራት ክለቦች እ.ኤ.አ. በ1965 መጀመሪያ ጋና ላይ ተሰበሰቡ። የጋናው ሪያል ሪፐብሊካንስ፣ የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ፣ የማሊው ስታድ ማሊየን እና ኮተን። የክዋሜ ንክሩማ ጋና፣ ነፃነቷን ካገኘች ገና ስምንት ዓመት ያልሞላት፣ መላው አፍሪካ ዓይኑን የጣለባት አገር ናት። እዚያ አደባባይ ላይ ከድሬዳዋ የመጣ የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ቆመ። በግማሽ ፍጻሜው በስታድ ማሊየን 3 ለ 1 ተሸነፈ፤ ዋንጫውን ኦሪክስ ወሰደ። ዱዋላ ሄዳችሁ የኦሪክስን ስም ብትጠሩ የመጀመሪያው የአፍሪካ ክለብ ሻምፒዮን መሆኑን የሚነግራችሁ ሰው አታጡም። ድሬዳዋ ላይ ያንን የአክራ አሰላለፍ ከበረኛ እስከ አጥቂ የሚጠራላችሁ ወጣት ግን ፈልጉ እስቲ።

ሉቺያኖ ቫሳሎ ለኮተን ተጫውቷል። በእኔ ግምት በዚያ ሀዲድ ላይ ከተጫወቱት ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። በአፍሪካ ዋንጫ ያስቆጠራቸው 8 ጎሎች ቀናቸውም ተጋጣሚያቸውም ይታወቃል፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስለመዘገባቸው ነው። የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ በዚያው ውድድር 10 አለው፤ እስካሁን ከአህጉሩ ታላላቅ ጎል አግቢዎች ጋር ስሙ ይጠራል። ከዚያ ውጭ ስላለው የሉቺያኖ ሕይወት ግን ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ከመቶ በላይ የብሔራዊ ቡድን ጨዋታና ወደ መቶ የሚጠጋ ጎል የሚል ነው። የጨዋታዎቹ ዝርዝር የት አለ? በዚያ ዘመን ብሔራዊ ቡድን በዓመት ስንት ጨዋታ ነበር የሚያደርገው? መዝገብ በሌለበት ታሪክ ሁለት ዕጣ ብቻ ነው ያለው፤ ወይ ያብጣል ወይ ይጠፋል። የሉቺያኖ አብጧል፣ የኮተን ጠፍቷል። ለሰውየው ክብር ያለው ሰው በሁለቱም ሊናደድ ይገባል። ስምንቱ ጎል ብቻውን ይበቃዋል እኮ፤ ማን ያጋንንለት ብሎ ለመነ?

የሉቺያኖ ነገር ከቁጥርም ያለፈ ነው። የተወለደው አሥመራ ነው፣ ከኢጣሊያዊ ወታደርና ከኤርትራዊት እናት። ክልስ በመሆኑ የደረሰበትን ንቀት ራሱ ተናግሯል። የአገሪቱን ዋንጫ ያነሳ አምበል ሆኖም «የጣልያን ልጅ» ከመባል አልዳነም። እዚህ ላይ ራስል ትዝ ይለኛል። ኢትዮጵያ ዋንጫውን ከማንሳቷ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1961፣ የቦስተን ቡድን ለወዳጅነት ጨዋታ ኬንታኪ ሌክሲንግተን ሄዶ ነበር። ያረፉበት ሆቴል ካፌ ጥቁር ተጫዋቾቹን አናስተናግድም አለ። ራስልና ጥቁር ጓደኞቹ ጨዋታውን ትተው ወደ ቤታቸው በረሩ። የአሜሪካ ሻምፒዮን ናቸው፤ ቡና ግን አይቀዳላቸውም። ዘመኑ ሁለቱም ዘንድ ታላቅ ተጫዋችን አጨብጭቦለት ሲያበቃ «ግን አንተ የማን ነህ?» የሚል ዘመን ነበር።

ልዩነቱ በኋላ የመጣው ነው። አሜሪካ ራስልን ቀስ በቀስ የራሷ አደረገችው። ሲሞት፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2022፣ ኤንቢኤ የ6 ቁጥር ማሊያውን በሊጉ ሁሉ ማንም አዲስ ተጫዋች እንዳይለብሰው አደረገ። ሉቺያኖ ከሁለት ወር በኋላ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ጣልያን አገር አረፈ። በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ከወጣ በኋላ የኖረው እዚያው ነበር። ዜናው አንድ ሁለት ቀን ፌስቡክ ላይ ዞረና አለፈ።

ለምን አለፈ? አንዱ ምክንያት እነዚያ ሰዎች አሁን የማን እንደሆኑ ስለማይታወቅ ይመስለኛል። ያኔ አንድ የነበረው አገር ሁለት ሆኗል። አሥመራ የተወለደ፣ ለድሬዳዋ የተጫወተ፣ ለኢትዮጵያ ዋንጫ ያነሳ፣ ሮም የኖረ ሰው በየትኛው የመማሪያ መጽሐፍ ይግባ? የአገሪቱ ሻምፒዮና ዝርዝር ላይ ሐማሴን አለ፣ አካለ ጉዛይ አለ፣ የአሥመራ ቴሌ አለ፣ እምባሶይራ አለ። የ1968ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ከአዲስ አበባ ሌላ የተካሄደው አሥመራ ነው። አዲስ አበባ እነዚህን ስሞች ስታነብ ትቸገራለች፣ አሥመራም ኢትዮጵያ የሚለውን ማሊያ ስታይ ትቸገራለች። በመሀል ተጫዋቹ ይቀራል።

ቅርጫት ኳስም ይህን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. እስከ 1976 አሜሪካ ውስጥ ኤቢኤ የሚባል ተፎካካሪ ሊግ ነበር፤ ከዚያ ፈረሰና አራት ቡድኖቹ ወደ ኤንቢኤ ገቡ። ጁሊየስ ኧርቪንግ፣ ዶክተር ጄ የሚሉት፣ በሁለቱም ሊግ 30,026 ነጥብ አስቆጥሯል። የኤንቢኤ ይፋዊ መዝገብ የሚያውቀው ግን 18,364ቱን ብቻ ነው፤ የቀረው የፈረሰው ቤት ነጥብ ነው። ቢሆንም የኤቢኤው ቁጥር ተጽፏል። ማንም ከፍቶ ሊያነበው፣ ደምሮም ሊከራከርበት ይችላል። እኛ ዘንድ የፈረሰው ቤት ከነመዝገቡ ነው የተረሳው።

ስለ ፈረሰ ቤት ካነሳሁ አይቀር ምድር ባቡርን ልዝለለው አልችልም። የባቡሩ ቡድን የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነው አንድ ጊዜ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977። ያ ዓመት ለዚህ አካባቢ ምን እንደነበር የጅግጅጋና የድሬዳዋ ሰው ይነግራችኋል። በሐምሌ ጦርነቱ ፈነዳ። ድልድዮች ፈረሱ፣ ባቡሩ ቆመ። ነሐሴ ላይ ውጊያው ራሷ ድሬዳዋ አፋፍ ደረሰ። ባቡር በማይሄድበት ዓመት የባቡሩ ቡድን የአገር ሻምፒዮን ነው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ዋንጫውን የወሰደው ኦጋዴን አንበሳ ነው፤ የሐረሩ የጦር ሠራዊት ቡድን። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቧቸው፤ 1977 ምድር ባቡር፣ 1978 ኦጋዴን አንበሳ። የምሥራቁን የሁለት ዓመት ታሪክ ከዚህ አሳጥሮ የጻፈ አላየሁም። በእነዚያ ሁለት ቡድኖች ውስጥ የነበሩት ልጆች በሳምንቱ መሀል የት ነበሩ? ከጨዋታው ማግሥት ወደየት ሄዱ? እኔ ብሆን አንድ ዶክመንተሪ ብቻ ሥራ ብባል የምሠራው ይህንን ነው።

የጦርነቱን ሌላ ወገን ደግሞ እንርሳ? አይቻልም፤ እዚህ ክልል ቁጭ ብሎ ስለ ቅርጫት ኳስ የሚጽፍ ሰው ሞቃዲሾን ሊያልፋት አይችልም። ጦርነቱ ካበቃ አራት ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1981፣ የአፍሪካ ወንዶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና የተካሄደው ሞቃዲሾ ነው። አይቮሪ ኮስት አንደኛ፣ ግብፅ ሁለተኛ፣ አስተናጋጇ ሶማሊያ ሦስተኛ ወጡ። በአህጉሩ ሦስተኛ! የሶማሌ ወጣት ቅርጫት ኳስ ከስልክ የተማረው አዲስ ነገር ይመስለዋል፤ አባቶቹ ሜዳሊያ አላቸው። በአሥር ዓመት ውስጥ የዚያ አገር መንግሥት ፈረሰ፣ ተጫዋቾቹም እንደማንኛውም ሰው በየአገሩ ተበተኑ። ጅግጅጋ ላይ የስቴፈን ከሪን የሦስት ነጥብ መቶኛ የሚነግረኝ ልጅ የዚያን ቡድን አንድ ስም ሲጠራ አልሰማሁም።

አሁን አንድ ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ኮሜንት ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ልመልሰው። «ያኔ የነበሩት ከዛሬዎቹ ጋር ቢገጥሙ ይዋረዳሉ» ትላላችሁ። ይዋረዱ ይሆናል። ራስል የሚጫወተው በሸራ ጫማ ነበር። የሦስት ነጥብ መስመር ኤንቢኤ ውስጥ የተሰመረው ገና እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 80 ባለው ዓመት ነው። ቤይለር ከጦር ካምፕ እየመጣ ነው 61 ያገባው። የድሬዳዋው ልጅ ፋብሪካ ውሎ፣ በዚያ ሙቀት ነው የተለማመደው። ሰዎችን ከዘመናቸው ነቅሎ ማጋጠም የልጅ ጨዋታ ነው፤ ደስ ይላል፣ መልስ የለውም። መልስ ያለው ጥያቄ «በራሱ ዘመን ከእኩዮቹ በስንት በለጠ?» የሚለው ነው። ቻምበርሌን 50 ሲያገባ ቀጣዩ 38 ነበር። ይህን ማለት የቻልኩት ቁጥሩ ስላለ ነው። ኮተን እ.ኤ.አ. በ1963 ሻምፒዮን ሲሆን ከተከታዩ በስንት በለጠ? ጎሎቹን ማን አገባ? ከሜዳው ውጭ፣ አሥመራ ላይ፣ እንዴት ነበር? ክርክሩ እዚህ ጋ ይቆማል፤ ያኔ ነው ሰዎች ወደ ጆርዳን የሚመለሱት። እፈርድባቸዋለሁ? አልፈርድም። ሰው የሚከራከረው ባለው ነገር ነው።

ሌላው ተቃውሞ ፈዛዛ ነው፣ «ኳስ ነው፣ ሌላ ስንት ችግር እያለ» የሚለው። ስለ ምሥራቁ የተጻፈውን ታሪክ አገላብጡ። ጦርነት፣ ድርቅ፣ ኮንትሮባንድ፣ ስደተኛ፣ ድንበር። ሰው በዚህ ሀዲድ ዳር ሲሞት ተጽፏል። ሲኖር፣ ቅዳሜ ሲደርስ፣ ሲያሸንፍ የተጻፈው የት አለ? የኮተን ዋንጫ በዚህ መስመር ላይ በደስታ የሆነ ነገር ነው። ይህን መጣል ለአካባቢው ከሐዘን በቀር ታሪክ የለውም ብሎ መፈረም ነው።

ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷልም አልልም። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተማል፤ የድሮ ቅጾቹ ወመዘክር አሉ። አንድ ሰው ከ1952 እስከ 1957 ያለውን የስፖርት ዜና ገልጦ ውጤቱን ቢለቅም የመጀመሪያው ጠረጴዛ ተዘረጋ ማለት ነው። ድካሙ የወራት ነው፤ ገንዘብ ያለው ፌዴሬሽን ወይም አንድ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል ለተመራቂ ተማሪ ሊሰጠው ይችላል። የፋብሪካና የባቡር የደሞዝ መዝገብ ደግሞ ተጫዋቹን በሌላ ስም ነው የሚያውቀው፤ ሸማኔ፣ ፊተር፣ ዕቃ ግምጃ ቤት። አጥቂ ብሎ የጻፈው አይኖርም።

ጋዜጣው ግን ውጤቱን እንጂ እንዴት እንደነበረ አይነግረንም፤ ያንን የሚነግረን ያየ ሰው ነው። በ1954 የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ ሰማንያን ሊነካ ነው። ሃርቪ ፖላክ እ.ኤ.አ. በ2015 በ93 ዓመቱ ሲሞት ኤንቢኤ ከተመሠረተበት የመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ ሥራ ላይ የቆየ የመጨረሻው ሰው ነበር፤ እስከ መጨረሻው ይቆጥር ነበር። እኛ ፖላክ የለንም፤ ያሉን አባባ የምንላቸው፣ አዴር የምንላቸው ሰዎች ናቸው። ከዚራ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፣ ሐረር አሉ፣ ጅቡቲ አሉ፣ ቶሮንቶ ልጃቸው ቤት አሉ።

ስለዚህ ይህን ያነበባችሁ የድሬዳዋ፣ የሽኒሌ፣ የአይሻ ልጆች፣ ለበዓል ስትደውሉ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። «ኮተን ሲጫወት አይተው ያውቃሉ?» በሏቸው፣ ድምፁን ቅዱት፣ ወደዚህ ቻናል ላኩት። ቀኑንና ተጋጣሚውን ካስታወሱ ከጋዜጣው ጋር አመሳክረዋለሁ። ካላስታወሱ አታድክሟቸው፤ ስም ብቻ ይበቃል። በረኛው ማን ነበር? ግራ ክንፍ ላይ የሚሮጠውስ?